እምቢ ማለት የማትችል ታዛዥ

የሲንደሬላ ተረት እንዴት እንደሚያልቅ ልጅም አዋቂም ያውቃል። ጫማው ልክ ይሆናታል፣ ልዑሉ ያገባታል። መጨረሻው እንዲህ የታወቀ ተረት ለወጣት አንባቢዎች እንደ አዲስ ሲጻፍ ታዲያ ምን ተፈልጎ ይነበባል? ቀጥሎ የሚሆነውማ አይደለም። ልጅቷ ያን ሁሉ በደል ለምን እንደተሸከመች ለመረዳት ነው።

ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ በ1697 ተረቱን ሲያሳትም ይህ ጥያቄ ብዙም አላስጨነቀውም። ደግ ናትና ትታገሣለች፤ ታግሣለችና ትሸለማለች። ልክ ከ300 ዓመት በኋላ አሜሪካዊቷ ጌይል ካርሰን ሌቪን «ኤላ ኤንቻንትድ» በተሰኘው ልብ ወለዷ ለዚያ ትዕግሥት ሌላ ምክንያት ሰጠችው። ኤላ ስትወለድ አስማተኛዋ ሉሲንዳ ታዛዥነትን በስጦታ ትቸራታለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኤላ ማንም ያዘዛትን ሁሉ ከመፈጸም ማምለጥ አትችልም፤ አዛዡ ጠላት ቢሆን፣ ትእዛዙም ራሷን የሚጎዳ ቢሆን ለውጥ የለውም። ወላጅ ሁሉ ለልጁ የሚመኘው ጠባይ እርግማን ሆኖ ቁጭ አለ።

እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺ በማለቱ ይመሰገናል? ፈላስፋው ካንት በ1785 ባሳተመው የሥነ ምግባር ድርሳን፣ ከግዴታ ጋር የሚስማማ ድርጊትን ለግዴታው ሲባል ከሚፈጸም ድርጊት ለይቶታል። ላይ ላዩን ሲታዩ አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው አድራጊው ያደረገበት ምክንያት ነው። የኤላ ታዛዥነት ከሁለቱም በታች ነው፤ ፈቃዷን የጠየቀ የለም። ስለዚህ በትእዛዙ ውስጥ ቀዳዳ ትፈልጋለች። ምግብ አብሳይዋ ማንዲ አልመንድ አምጪ ስትላት ሁለት ፍሬ ብቻ ይዛ ከች ትላለች። እጇ ታዘዘ፤ ልቧ ግን አልታዘዘም።

ፈተናው የሚከብደው ትእዛዝና ምኞት ሲገጣጠሙ ነው። እርግማኗን የማያውቀው ልዑል ቻር «አግቢኝ» ይላታል። የምትወደው ሰው ነው፤ እሺ ብትል የልቧ ይሞላል። ነገር ግን እርግማኑን ይዛ ካገባችው፣ ምሥጢሯን የደረሰበት ጠላት «ግደዪው» ሊላት ይችላል። ስለዚህ አጥብቃ የምትፈልገውን እምቢ ትላለች፤ እርግማኑም ያኔ ይሰበራል። የምታገባው ከዚያ በኋላ፣ በራሷ ፈቃድ ነው። ነፃነት የፈለጉትን ማድረግ ነው የሚለው ብያኔ እዚህ ላይ ይጎድላል። መጀመሪያውኑ እሺ ብትል ኖሮ የፈለገችውን ባደረገች ነበር፤ ነፃ ግን አትሆንም።

ይህ ማለት የቀድሞው ተረት ባዶ ነው ማለት አይደለም። የፔሮዋ ሲንደሬላ እኅቶቿ እየሳቁባት፣ ጫማውን እኔም ልሞክረው ያለችው ማንም ሳያዛት ነው። በወንድማማቾቹ ግሪም ተረት ርግቦች የእኅቶቿን ዓይን ሲያወጡ፣ የፔሮዋ ግን ይቅር ትላቸዋለች፤ ቤተ መንግሥት አስገብታም ለሁለት ታላላቅ መኳንንት ትድራቸዋለች። ምድጃ ሥር ሳለች ዝም ማለቷ ደግነት ይሁን ፍርሃት ከውጭ መለየት ያዳግታል። መበቀል እየቻለች መተዋ ግን ጥርጥር የማይገባበት ምርጫ ነው።

እንግዲያው ደግነትን በዚህ ተረት ለማስተማር የሚሻ ወላጅ አመድ ጠረጋውን ትቶ ይቅርታውን ቢያወድስ ይሻላል። ታዛዥ ልጁንም «ጎሽ» ከማለቱ በፊት፣ እምቢ ቢል ኖሮ ምን ይደርስበት እንደነበር ራሱን ይጠይቅ። መልሱ ዱላ ከሆነ፣ ያመሰገነው የልጁን ደግነት ሳይሆን የራሱን ጉልበት ነው።