ሁሉ ሊማረው ስለሚገባ ትምህርት

አንድ ወጣት ሐኪም ወይም መሐንዲስ ለመሆን አስቦ ወደ ዩኒቨርስቲ በገባ ጊዜ፥ ከሙያው ጋራ በቀጥታ የማይገናኝ ታሪክ፥ ሎጂክ፥ ጂኦግራፊና ግብረ ገብ እንዲማር ማስገደድ ተገቢ ነውን? ወይስ በዕድሜውና በወላጆቹ ጉልበት ላይ የሚጫን ትርፍ ሸክም ነው? ጥያቄው የመምህራንና የሹማምንት ብቻ መስሎ ይታያል። ነገር ግን ልጆቻቸውን ከደብሩ ጥላ ሥር አንሥተው ወደ ከተማ ትምህርት ቤት፥ ከዚያም ወደ ዩኒቨርስቲ የሚልኩ ካህናትንና ምእመናንን ሁሉ የሚነካ ስለ ሆነ፥ በዚህ ገጽ ልንመረምረው ወደድን።

አስቀድሞ የነገሩን አካሄድ ማስታወስ ይበጃል። ከፍተኛ ትምህርት በአገራችን በ1943 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ ተጀምሮ፥ በ1954 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ግቢ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ ተመረቀ። ተማሪው «ፍሬሽማን» እያለ የሚጠራው የመጀመሪያው ዓመት ለብዙ ዘመን የጠቅላላ ትምህርት ዓመት ሆኖ ኖረ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 11ኛንና 12ኛን ክፍል መሰናዶ አደረገ፤ የመሰናዶ ተማሪዎችም ዩኒቨርስቲ መግባት በጀመሩበት በ1996 ዓ.ም. ግድም ያ ዓመት ቀርቶ፥ በብዙው ዘርፍ ዲግሪ በሦስት ዓመት የሚፈጸም ሆነ። በ2010 ዓ.ም. የቀረበው የትምህርት ፍኖተ ካርታ ይህን እንደ ጉድለት ቈጥሮ ስላመለከተ፥ በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዓመት ተመለሰ። እንግሊዝኛ፥ ሎጂክ፥ ሒሳብ፥ ሥነ ልቡና፥ ጂኦግራፊ፥ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ፥ የግብረ ገብና የዜግነት ትምህርት፥ ሌሎችም ተጨምረው ለሁሉ የጋራ ሆኑ።

«ይህን ሁሉ ከሁለተኛ ደረጃ ጨርሶ መምጣት ነበረበት» የሚል ተቃዋሚ ይነሣል። እውነት አለው። ሆኖም የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት ከመቶው ሦስት ያህሉ ብቻ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት አገኙ። ከታች ያልተሠራውን ከላይ መጠገን ግን አንድ ነገር ነው፤ ጠቅላላ ትምህርት ሌላ ነገር ነው። እንግሊዝኛው ቢደክም ይታደስለት፤ ይህ ጥገና ነው። ጠቅላላ ትምህርት የሚባለው ግን ጎበዙም ሰነፉም ሊቀርበት የማይገባው ነው።

ለመሆኑ እንዲህ ያለ ትምህርት አለን? የቤተ ክርስቲያናችን የትምህርት ሥርዓት መልስ አለው። ድጓን ሊያስመሰክር የሚሻ ወደ ቤተ ልሔም ይወርዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሚሻ ወደ ዙር አባ፥ ቅዳሴ የሚሻ ወደ ሰላልኩላ ይሄዳል፤ ቅኔ የተራበም ከላስታ ጎረቤት ከዋድላ መምህራን ደጅ ይጠናል። የሙያ ልዩነት በአባቶቻችን ዘንድ የታወቀ ነበረ፤ እንዲያውም ከዛሬው የጠበቀ ነበረ። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ ወደየመንገዳቸው ከመለያየታቸው በፊት አንድ ደጅ ረግጠዋል፤ ፊደል ቈጥረዋል፥ ዳዊት ደግመዋል። ዳዊት ለአቋቋም ሊቅ ምን ይጠቅመዋል፥ ለመጻሕፍት መተርጕም ምን ይጠቅመዋል ብሎ የጠየቀ የለም። ዳዊት የሚደገመው ተማሪው የሚጸልይ ሰው እንዲሆን ነውና፤ ሙያው ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

የዩኒቨርስቲው የጋራ ትምህርት ታዲያ ምን ዓይነት ሰው ሊያወጣ ነው? ዩኒቨርስቲ የሁሉም ሃይማኖት ልጆች ቤት ነውና ጸሎትን ከእርሱ አንጠብቅም። ልንጠብቅ የሚገባን፥ በዕውቀቱ ለሚያደርገው ነገር ለሌላው ሰው መልስ መስጠት የሚችልን ሰው ነው። ሙያ «እንዴት ይሠራል» ለሚለው ይመልሳል፤ «ለማን? በማን ላይ? ከእኔ በፊት እዚህ ማን ነበረ?» ለሚለው ግን ሙያ ብቻውን አይመልስም።

ይህን በላስታ በዓይን ማየት ይቻላል። ከላሊበላ በላይ ካለው ተራራ አሸተን ማርያም ትገኛለች፤ በትውፊት በንጉሥ ነአኵቶ ለአብ ስም የምትነገር፥ ከገደሉ ዓለት የተፈለፈለች ናት። ወደ እርስዋ የሚወጣው መንገድ አቀበት ነው፤ በመጨረሻም በተሰነጠቀው ዓለት መካከል ያሾልካል። በዓለት የሚያንጽ ሰው ያጠፋውን ድንጋይ መልሶ አይተክልም። ስለዚህ እጁ በመሮ ብቻ ቢሠለጥን አይበቃውም፤ የክረምቱ ውሃ ወዴት እንደሚወርድ፥ መቅደሱ ወደ ምሥራቅ እንዴት እንደሚቀና፥ በቅኔ ማኅሌቱ የሚቆመው ካህን በምን ስፍራ እንደሚያሸበሽብ ማወቅ አለበት። ፈልፋዩ ስለ ጸሎቱ፥ ስለ ዝናቡና ስለ ሕዝቡ ባያውቅ ኖሮ ዛሬ የምንሳለመው ዋሻ ብቻ ይሆን ነበር።

ከተራራው ሥር ደግሞ የዘመናችን ምሳሌ ቆሟል። በ2000 ዓ.ም. ግድም ከአብያተ ክርስቲያናቱ በአንዳንዶቹ ላይ ከዝናብና ከፀሐይ የሚከልል፥ በብረት ምሰሶ የቆመ መጠለያ ተሠራ። ጊዜያዊ የተባለው መጠለያ ሰነበተ፤ ክብደቱ ከሥሩ ያለውን ዓለት ይጎዳል የሚል ስጋት በካህናቱና በሕዝቡ ልብ አደረ፤ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የከተማው ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ አቤት አለ። ማንንም ለመውቀስ አልጠቀስነውም፤ ዝናቡን መከልከሉም አይካድም። ነገር ግን የብረቱን ኃይል ማስላት የመሐንዲስ ዕውቀት ሲሆን፥ በልደት ቀን ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ በዓለቱ አፋፍ ቆመው «ቤዛ ኵሉ» የሚሉበት ሰማይ ሲከደን ሕዝቡ ምን እንደሚሰማው ማስላት የየትኛው ሙያ ዕውቀት ነው? ታሪክን፥ የሰውን ጠባይና የመሬትን አፈጣጠር ጥቂት የቀመሰ መሐንዲስ ቢያንስ ሊጠይቅ የሚገባውን ሰው ያውቃል። ጠቅላላ ትምህርት ሁሉን ዐዋቂ አያደርግም፤ የማያውቀውን ከማን እንደሚጠይቅ ያሳውቀዋል፤ ይህም ቀላል አይደለም።

አባቶችም የውጭውን ትምህርት አልናቁም። ሙሴ በግብፅ ጥበብ ሁሉ ተምሯል፤ ዳንኤልና ባልንጀሮቹ የከለዳውያንን ትምህርት ተምረው ሃይማኖታቸውን አልለወጡም፤ ባስልዮስና ጎርጎርዮስ በአቴና የተቀመጡት የአረማውያንን መጻሕፍት ለማንበብ ነበረ።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ ሌላ ነው። ለማርክ ብቻ የሚጠና ትምህርት ነፍስን አያሳድግም። ግብረ ገብ አራት ምርጫ ቀርቦለት ከ«ሀ» እስከ «መ» በማክበብ ሲፈተን፥ ተማሪው የሚማረው መልስ መገመትን ነው፤ ከጎን አይቶ ቢገለብጥ ደግሞ በግብረ ገብ ፈተና ግብረ ገብን አፈረሰ። የጋራ ትምህርት በአንድ አዳራሽ ለታጨቀ ብዙ ሕዝብ ሲሰጥ፥ ብዙ ጊዜም ገና ላልጠነከረ መምህር ሲተው አይተናል። በቅኔ ቤት ግን የጀማሪውን ጉባኤ ቃና ሳይቀር የሚሰማው መምህሩ ራሱ ነው፤ የተበላሸውን ያርማል፥ «ይህን ለምን አልህ?» ብሎ ይጠይቃል። አስገዳጁ ማስገደዱን የሚያጸድቀው የሚያስገድድበትን ነገር በክብር ሲሰጥ ነው። ከጠቢባኑ መምህራን የበለጠው ለመጀመሪያው ዓመት ይሰጥ፤ ይህ ካልተቻለ ቍጥሩ ይነስ። ሦስት ትምህርት በደንብ ቢሰጥ አሥር በጥድፊያ ከሚሰጥ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ዋጋውንም ሳንመለከት አናልፍም። ከላስታ ደጋ ገብስና ባቄላ የሚዘራ ገበሬ ልጁን ወልድያም ሆነ ጎንደር ሲልክ፥ በእርሻውና በከብቱ የሚያግዘውን እጅ አጣ ማለት ነው። የዚህ አገር ተማሪ በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ፥ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ዘመኑን አጥቷል፤ የወልድያ ዩኒቨርስቲም በዚያው ጦርነት ተዘርፏል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል። እንዲህ ላለው ልጅ «አንድ ዓመት ጨምር» ማለት ቀላል ቃል አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው የወጪ መጋራት ሥርዓት ደግሞ ምግቡንና መኝታውን በሙሉ፥ ከማስተማሪያው ወጪም ከመቶው 15 ያህሉን በተማሪው ዕዳ አስመዝግቦ፥ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እንዲከፍል ያደረገ ነው። ዓመት ሲጨመር ዕዳም ይጨመራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጠይቅ። የቆሎ ተማሪው አኵፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ሕዝቡ ቍራሹን የሚሰጠው፥ «ምን ትማራለህ? ለእኔስ ምን ትሠራልኛለህ?» ብሎ መርምሮ አይደለም። ትምህርቱ የሀገሩ ሀብት ስለ ሆነ ሀገሩ ይመግበዋል። የዩኒቨርስቲው የመጀመሪያ ዓመትም ለሕዝብ ጥቅም ሲባል በሁሉ ላይ የታዘዘ ከሆነ፥ ተማሪው ለራሱ ሙያ የመረጠው ሳይሆን ሕዝብ የጠየቀው ነው። ሕዝብ የጠየቀውን ሕዝብ ሊከፍለው ይገባል። የሙያው ዓመታት ወጪ በተማሪው ይጻፍ፤ በእነርሱ ደመወዝ ያገኝባቸዋልና። የጋራው ዓመት ምግብና መኝታ ግን ከዕዳው መዝገብ ቢሰረዝ፥ ትእዛዙና ፍርዱ ይስማሙ ነበር። ይህን የመወሰን ሥልጣን ያላቸው ሰዎች እስኪመክሩበት ድረስም፥ ሰበካ ጉባኤያት ከአጥቢያቸው ለሚሄደው ልጅ የመጀመሪያውን ዓመት የመጽሐፍና የመንገድ ወጪ ቢችሉለት የሚከለክል ሕግ የለም።