ቅን አሳብ ብቻ ይበቃልን?

መልካም አስቦ ክፉ ውጤት ያመጣ ሰው በኅሊናው ፊት ንጹሕ ነውን? ይህን ጥያቄ የነገረ መለኮት ሊቃውንት ብቻ ሳይሆኑ የቢራቢሮና የእሳት እራት ተመራማሪዎችም ተጋፍጠውታል። እነዚህን ፍጥረታት በግሪክኛ «ሌፒዶፕቴራ» ይሏቸዋል፤ ባለ ቅርፊት ክንፍ ማለት ነው።

በእንግሊዝ አገር «ታላቁ ሰማያዊ» የሚባል ቢራቢሮ ነበረ። ቁጥሩ እየመነመነ ሲሄድ ወዳጆቹ ጥፋቱን ቢራቢሮ እየያዙ በሚሰበስቡ ሰዎች ላይ ጣሉ። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከሚኖርባቸው ስፍራዎች አንዱን አጠሩለት፤ ሰብሳቢ እንዳይገባ፣ ከብትም እንዳይግጥ ከለከሉ። ቢራቢሮው ግን በዚያው በታጠረለት ስፍራ ጠፋ።

ምክንያቱ የታወቀው ጄረሚ ቶማስ የተባሉ ተመራማሪ በ1970ዎቹ የቀሩትን ጥቂቶች በትዕግሥት ከተከታተሉ በኋላ ነው። አባጨጓሬው ጥቂት ሳምንታት የጦስኝ አበባ በልቶ ወደ መሬት ይወርዳል። ቀይ ገብረ ጉንዳን በጠረኑ ተታልላ፣ የራሷ እጭ መስሏት ተሸክማ ወደ ጎጆዋ ታስገባዋለች። እርሱም አሥር ወር ያህል የጉንዳኖቹን እጮች እየበላ ያድጋል። በደኅና የሚያድገው ግን በአንድ ዓይነት ጉንዳን ጎጆ ነው፤ ያም ጉንዳን ፀሐይ የሚያሞቀው፣ ሣሩ በአጭሩ የተጋጠ መሬት ይሻል። ከብቱ ሲከለከል፣ በ1950ዎቹም ጥንቸሎቹ በበሽታ ሲያልቁ፣ ሣሩ ረዘመ፤ መሬቱ ቀዘቀዘ፤ ጉንዳኑ አለቀ፤ ቢራቢሮውም ተከተለው። ዕውቀቱ ዘግይቶ ስለ ደረሰ በ1979 ከአገሪቱ ፈጽሞ ጠፋ። ከ1983 ጀምሮ ዘሩ ከስዊድን መጥቶ፣ መስኩም እንደ ገና ሲጋጥ፣ ሊራባ ቻለ።

አጥሩን የሠሩት ክፉዎች አልነበሩም። ነገር ግን የሚወዱትን ከመመርመር ይልቅ የሚከሱትን መፈለግ ቀሏቸው ነበር። አለማወቅ ሁሉ በደል አይደለም፤ ለማወቅ አለመድከም ግን በደል ነው። የምንወደውን የመመርመር ግዴታ ከፍቅሩ ጋር አብሮ ይሰጠናልና። ሐዋርያው ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ቅንዓትንና ዕውቀትን አያይዞ መመልከቱም ያለ ምክንያት አይደለም።

እኛም በባዕድ አገር የልጆቻችን ሃይማኖትና ቋንቋ እንዳይጠፋ አጥር እናጥራለን። ጠላት ከውጭ እንዳይገባም እንጠብቃለን። ይህ የሚነቀፍ አይደለም። ይሁን እንጂ በአጥሩ ውስጥ ነፍሳቸውን የሚያሞቀው ምን እንደ ሆነ መርምረናልን? የቅዳሴው ትርጉም ይገባቸዋልን? ጥያቄያቸውን የሚሰማ መምህርስ አላቸውን? ይህን ሳናውቅ አጥሩን ብናጠብቀው፣ የጠበቅነው ባዶ መስክ እንዳይሆን ያሰጋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።