አንድ ምዕራፍ ሽንኩርት

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ አዲሱን ቤትህን ልመርቅ በከዘራዬ እየተደገፍኩ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። ሊፍት የለምና ሁለት ቦታ ላይ አረፍኩ። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ በጠዋት የሚገባው ፀሐይም ደስ ይላል። ውሃ ልጠጣ ወጥ ቤት ስገባ ግን ምድጃህ የመጣበት ላስቲክ እንኳ ገና እንዳልተላጠ አየሁ። ፍሪጅህ ውስጥ ሁለት ሃይላንድ ውሃና የተረፈ ግማሽ በርገር አለ። እናትህ የላከችልህ ሽሮ በፌስታል እንደታሰረ ጥግ ላይ ተቀምጧል። መደርደሪያህ ላይ ሦስት ቻርጀር እንጂ አንድ መጽሐፍ የለም። ግድግዳህ እንደ ክሊኒክ ነጭ ነው። "እንዴት አዩት ጋሼ?" ስትለኝ "ይባርከው" ብዬ ዝም አልኩ። ባዶ ቤት ውስጥ ምክር ያስተጋባል፤ ሲያስተጋባ ደግሞ ቁጣ ይመስላል። ስለዚህ በጽሑፍ አደረግሁት።

የምትመልስልኝን አውቃለሁ። "ከሥራ ስገባ ደክሞኝ ነው፤ ለአንድ ሰው ብሎ ማን ወጥ ይሠራል?" ትላለህ። ይህችን ቃል እኔም ብያታለሁ። ባለቤቴ ያረፈችው ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ሽሮ እንዴት ወጥ እንደሚሆን አላውቅም ነበር። "ወንድ ልጅ ማጀት አይገባም" እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን፤ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ሁለት ወር ያህል ጎረቤት በሚልክልኝ ሳህንና በዳቦ ከረምኩ። አንድ ማታ ባዶ ድስት ፊት ቆሜ የእናቴ ተረት ትዝ አለኝ፤ "ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል" ትል ነበር። ዕድሜ ልኬን የሰማሁት ሰው በሰው ፊት ስለሚኖረው ዋጋ መስሎኝ ነው። ያን ማታ ግን ጆሮዬ የያዘው "ለራስህ ስትል" የምትለውን ነው። ለእንግዳ ጊዜ የሚጣፍጥ፣ ለባለቤቱ ድንጋይ የሆነ ቤት ስንት አይቻለሁ መሰለህ! ጥሩው ሳህን ለበዓል፣ ጥሩው ስኒ ለእንግዳ፣ ቅቤው ለፋሲካ እየተባለ ይቆይና ባለቤቱ በተሰነጠቀ ብርጭቆ ጠጥቶ ያልፋል።

ያስተማረችኝ ከታች ያለችው ጎረቤቴ ናት፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው እውነት ነው። ትምህርቱ የተጀመረው ከሽሮው ሳይሆን ከሽንኩርቱ ነበር። አንተም ከዚያ ጀምር። ሦስት ራስ ቀይ ሽንኩርት አድቅቀህ ክተፍ፤ ታለቅሳለህ፣ ግዴለም፣ ብቻህን ነህ። ድስቱን ዘይት ሳታደርግ ጣድና ሽንኩርቱን ጨምር። እሳቱን ቀንስ። ሊይዝ ሲል ውሃ ጠብ እያደረግህ አቁላላው። መጀመሪያ ጥሬው ይሸታል፣ ቀጥሎ ውሃውን ይተፋል፣ ከዚያ ይለሰልስና ጣፋጭ ጣፋጭ ማለት ይጀምራል። ዘይት የሚገባው ይኼኔ ነው። ሰው ሁሉ የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ቁሌቱ ጥሬ የቀረ ወጥ ኋላ መከለሻ ቢነሰንሱበት፣ ቅቤ ቢያፈሱበት አይመለስም። ቁሌቱ ሲደርስ ነጭ ሽንኩርት ጣል አድርገህ ውሃ ጨምርና ይፍላ። ሲፈላ ሽሮውን በአንድ እጅህ እየነሰነስህ በሌላው ቶሎ ቶሎ አማስል፤ አለዚያ ይጓጉልብሃል። የእናትህ ሽሮ ምጥን ነውና በርበሬ አታብዛበት። ከዚያ በኋላ ድስቱን ተወው፤ እሱ ራሱ ቱክ ቱክ እያለ መድረሱን ይነግርሃል።

ምጥን ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለህ? አተሩ ወይም ሽምብራው ተለቅሞ፣ ታምሶ፣ ተከክቶ፣ ገለባው ተነፍቶ፣ በርበሬውና ነጭ ሽንኩርቱ፣ ኮረሪማውና በሶብላው በልክ ገብቶበት፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ ወፍጮ ቤት ተወስዶ ነው። ጥግ ላይ በፌስታል ያስቀመጥከው የእናትህን የቀናት ድካም ነው። እንዲያ ሆኖ ተቀምጦ ስላየሁት፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ከሁሉም ያዘንኩት በእሱ ነው። የሆቴል ምግብን አልነቅፍም፤ ደመወዝ በገባ ቀን ጥብስ መብላት ደስ ይላል። ግን የሆቴሉ ሽታ ከሆቴሉ ጋር ይቀራል። የራስህ ቁሌት ሽታ መጋረጃህ ላይ ያድራል፤ በማግሥቱ በሩን ስትከፍት ሰው ያለበት ቤት ይመስልሃል።

አሁን ወደ ምዕራፉ ልምጣ። ሽንኩርት ዝግ ብሎ ሲበስል ሰው ድስት ፊት ቆሞ ምን ያደርጋል? ስልክ ያያል። እኔም አይቼ ነበር። ልጄ፣ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ አንዲት ቀልድ ልይ ብዬ ገብቼ ድስቱን ከሰል አድርጌው ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ዱካ ወጥ ቤት አስገባሁና መጽሐፍ ይዤ መቀመጥ ጀመርኩ። አንድ ድስት ቁሌት አንድ ምዕራፍ ገደማ እንደሚፈጅ ያወቅሁት ያኔ ነው። እስከ ዛሬ "ስንት ሰዓት ይፈጃል?" ለሚሉኝ "አንድ ምዕራፍ ሽንኩርት" እላለሁ።

ትስቅ ይሆናል፤ ዕድሜዬን ማተሚያ ቤት ያሳለፍኩ ሰው ማንበብ የጀመርኩት ጡረታ ወጥቼ ነው። ፊደል ለቃሚ ነበርኩ። የእኛ ፊደል 33 በ7 ነው፤ ዲቃላው ሳይቆጠር 231 የእርሳስ ፊደል ከየሳጥኑ በጣት ይለቀማል። ፊደሉ እንደ መስተዋት የተገለበጠ ነው፤ ዓይንህ የሚያየው አንድ በአንድ ፊደሉን እንጂ ታሪኩን አይደለም። ስንት ልብ ወለድ በእጄ አልፎ ማን ማንን እንዳገባ አላውቅም። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

ወጥ ቤት የገባው የመጀመሪያው መጽሐፌ ፍቅር እስከ መቃብር ነው፤ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛሁት፣ ሽፋኑ በፕላስተር የተያዘ። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም ያሳተሙት ይኸው መጽሐፍ ከ500 ገጽ በላይ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ጀምሬው 55ቱን ቀን ከሽሮዬ ጋር አደረሰኝ። ጉዱ ካሳ መናገር ሲጀምር ግን ያነሣሁት ማማሰያ እጄ ላይ ይደርቃል፤ ሁለት ጊዜ በእሱ ምክንያት ወጤን አሳርሬያለሁ፣ አልቆጨኝም። ታሪኩን ከዚያ በፊት የማውቀው በጆሮዬ ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሬዲዮ ያለው ቤት ደጃፍ ላይ ሰፈሩ ይሰበሰባል፤ ቡና ይፈላል፤ ሕፃን ሲያለቅስ እናቲቱ ወደ ውጭ ትወጣለች እንጂ ማንም ዝም በይ አይላትም። የማገዶውን መንጣጣት እንኳ ልብ የሚል አልነበረም። ሰብለ ወንጌልን ለብቻው ያነበበ ሰውና ከሠላሳ ጎረቤት ጋር ያዳመጣት ሰው አንድ ዓይነት ሐዘን ያዝናሉ ብዬ አላስብም።

ስለዚህ ጮክ ብለህ አንብብ። መጽሐፍ ተወዷል ካልከኝ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከ2014 ዓ.ም ጀምሮ ክፍት ነው፤ ወመዘክርም ከ1936 ዓ.ም አንስቶ በሩን ለአንባቢ ከፍቶ ይጠብቃል። ሻጩ ጋ የሚገኘውም ቢሆን ከአንድ በርገር ብዙ አይበልጥም።

እኔ ጮክ ብዬ የማነብበው ለዚያችው ጎረቤቴ ነው። ዓይኗ ጥቃቅን ጽሕፈት አይለይላትም፤ አክርማና ስንደዶ ግን በጨለማም ይለይላታል። ወጡን ካወጣሁ በኋላ ሳህን ይዤላት እወርዳለሁ፤ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል የሚለው ተረት ትንሽ ያስፈራል መቼም። እሷ ወስፌዋን ይዛ ስትሰፋ እኔ አነባለሁ። ታሪኩ ሲከፋ እጇ ይፈጥናል፤ ሲያስቅ ይቆማል። አንድ መሶብ ላይ ጥቁሯ መስመር ድንገት ወፍራ ብትታይህ የፍቅር እስከ መቃብሩ በዛብህ ስለታመመ ነው፤ እኔ ምስክር ነኝ። መሶቡን ሊገዛት የመጣ ሰው "ይቺ መስመር ተበላሽታለች" ብሎ ዋጋ ሊቀንስባት ነበር። አልሸጠችለትም።

ግድግዳህን ያነሣሁት ለዚህ ነው። አርት ማለት የሙዚየም መግቢያ ቲኬት ይመስልሃል። አፍሪካ አዳራሽ ያለውን የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል ሄደህ እይ፤ 150 ካሬ ሜትር ሙሉ ብርሃን ነው፣ አንገት ያስቃናል። ግን እሱን ቤትህ አትሰቅለውም። በየቀኑ የምታልፍበት ጸጉር ቤት ሰሌዳ ላይ ያሉትን ሦስት የተሣሉ ራሶች አስተውለህ ታውቃለህ? የአንዱ ራስ አንድ ጆሮ ከሌላው ይበልጣል። የሣለው ልጅ በሰፈሩ ውስጥ ነበር፤ አሁን ሁሉም ባነር ስለሚያሳትም ሥራ አጥቷል። ሰሌዳው ሲነሣ ማንም አያለቅስለትም፤ የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይስቃል፣ ብልህ ያለቅሳል።

አንድ ቀን መካኒሳ ዞማ ሙዚየም ውሰደኝ። ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ ለሕዝብ ከፍተውታል፤ ቤቶቹ አያቶቻችን እንደሚያደርጉት ጭቃና ጭድ ተቦክቶ የተሠሩ ናቸው፣ ግድግዳቸው ላይ ግን ጣት እንደ ጥልፍ የሄደበት ቅርጽ አለ። ይኸው ኤልያስ ከምናለሽ ተራ የተጣለ የኮምፒውተርና የስልክ ሽቦ እየገዛ እንደ ስፌት ሰፍቶ ለዓለም አሳይቷል። ጎረቤቴ ሥራውን በፎቶ ሳሳያት መነጽሬን ተውሳ ብዙ አየችና "ይሄ ልጅ ስፌት ያውቃል" አለች። የጋዜጣ ትችት እንዲህ አጥሮ አላየሁም።

እንግዲህ አንድ ሰፌድ ከእሷ ግዛ። በዋጋ አትከራከራት፤ ገንዘቡን ስትሰጣትም ስፌቱን አይተህ "አሪፍ ነው" ብቻ አትበላት፣ ጥለቱን ጠይቃት፤ እያንዳንዱ ጥለት ስም አለው። ከዚያ ነጩ ግድግዳህ ላይ ሚስማር ምታ፤ አከራይህ ቢቆጣ እኔ አነጋግረዋለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ። የምድጃውን ላስቲክ ላጠው። ሽንኩርቱን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ዘይቱን አንተ ግዛ፤ እንጀራ ጎረቤቴ አውጥታ ትልካለች፤ መጽሐፉን እኔ እይዛለሁ። ድስት ከሌለህ አሁኑኑ ንገረኝ፣ የባለቤቴን አመጣልሃለሁ፤ ክዳኑ ትንሽ ጎበጥ ብሏል እንጂ ደህና ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ከታች ጠብቀኝ፤ ድስት ይዞ አራት ፎቅ ለእኔ ከባድ ነው።