አይጥ መያዝ ያቆመች ድመት

አንድ ፍጡር ጥቅም መስጠቱን ሲያቆም፣ በሰውና በእርሱ መካከል የነበረው ግዴታም አብሮ ያቆማልን? ጥያቄው ሲሰማ ስለ ጡረታ ወይም ስለ አረጋውያን መጦሪያ ብቻ የተነሣ ይመስላል። ዳሩ ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚፈተነው በጉባኤ አዳራሽ ብቻ አይደለም፤ በጓዳም ይፈተናል። በአንዳንድ ቤት ጓዳ፣ ከምድጃው አጠገብ፣ 14 ወይም 15 ዓመት የሞላት፣ ጠጉሯ የተንጨባረረ፣ አጥንቷ የወጣ፣ አይጥ መያዝ ካቆመች የሰነበተች ድመት ተኝታ ትገኛለች። ኩላሊቷ ታሟል፤ ሕመሙም የማይድን ነው። ቤተሰቡ ለዚህች ፍጡር ዕዳ አለበትን? ካለበትስ ዕዳው ከወዴት መጣ? እስከ ምን ድረስስ ይከፈላል?

በአገራችን ድመት ወደ ቤት የገባችው በአገልጋይነት ነው። ጎተራው በአይጥ እንዳይመዘበር፣ ስልቻው እንዳይበሳ፣ ልብሱ እንዳይቀረጠፍ እንድትጠብቅ ነው። ገበሬው ለበሬው ድርቆሽ፣ ለውሻው ፍርፋሪ እንደሚሰጥ ሁሉ ለእርሷም ድርሻዋን ሰጣት። ምሳሌያዊ አነጋገራችንም ይህንኑ ይመሰክራል። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ሲባል፣ ድመት ማለት አዳኝ ማለት ነው፤ ቆብ ብትደፋም ዓይኗ ከአይጥ ጉድጓድ አይነቀልም ማለት ነው። በተረቱ ውስጥ ድመት ፈጣን ናት፣ ተንኰለኛ ናት፣ አስመሳይም ናት፤ አሮጊትና በሽተኛ ሆና ግን እምብዛም አትታይም። ተረቱ የሚያበቃው አደኑ በሚያበቃበት ቦታ ነው። የሥነ ምግባሩ ጥያቄ የሚጀምረው ደግሞ ልክ ከዚያ በኋላ ነው።

ጥያቄው ጥርት ብሎ እንዲታይ የሕመሙን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የቤት ድመት የዘር ግንድ በአፍሪካና በምዕራብ እስያ ደረቅ ምድር የሚኖር የዱር ድመት ነው። ውሃ ብርቅ በሆነበት ምድር የኖረው የዚህ ዘር ኩላሊት፣ ውሃውን ወደ ሰውነት መልሶ ሽንትን እጅግ የማወፈር ኃይል አለው። ስለዚህም ጤነኛ ድመት አብዛኛውን ፍላጎቷን ካደነችው ሥጋ እርጥበት ታገኛለች፤ ውሃ የምትጠጣው በጥቂቱ ነው። በሰው አንድ ኩላሊት ውስጥ በአማካይ 1 ሚሊዮን ያህል ረቂቅ ማጣሪያዎች ሲኖሩ፣ በድመት አንድ ኩላሊት ያሉት 200 000 ገደማ ናቸው። እነዚህ ማጣሪያዎች በዕድሜ ብዛትና በልዩ ልዩ ጉዳት ሲሞቱ በምትካቸው አዲስ አይተካም፤ የቀሩት የሞቱትን ሥራ ደርበው ይሠራሉ፤ ደርበው በመሥራታቸውም እነርሱ ራሳቸው ይደክማሉ። ምልክቱ ጎልቶ የሚታየው ከኩላሊቱ አቅም ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከጠፋ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ድመቷ ደጋግማ ትጠጣለች፣ ደጋግማ ትሸናለች፤ ትከሳለች፤ የምግብ ፍላጎቷ ይዘጋል፤ ታስመልሳለች፤ ትንፋሿ ይከረፋል። የደም ግፊት ሲጨመርበት ዓይኗ በድንገት ሊጠፋ ይችላል።

የጠፋውን ኩላሊት የሚመልስ መድኃኒት የለም። ያለው እንክብካቤ ብቻ ነው። ንጹሕ ውሃ በየቦታው ማኖር፤ ምግቧን ማለስለስና ማርጠብ፤ ፎስፈረስ የበዛበትን አጥንትና የሆድ ዕቃ መቀነስ፤ ሽንኩርት የድመትን ደም ስለሚጎዳ የወጥ ፍትፍትን ጨርሶ መከልከል፤ ሐኪም ሲገኝም የደም ግፊቷን በመድኃኒት ማብረድና ሰውነቷ ሲደርቅ ከቆዳዋ ሥር ፈሳሽ መስጠት ነው። የአገራችን የእንስሳት ሕክምና ከብትን፣ በግንና ዶሮን ማዕከል አድርጎ ያደገ በመሆኑ፣ ድመትን የሚያይ ሐኪም ከትልልቅ ከተሞች ውጭ በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ዋናው ሸክም በቤቱ ሰው ላይ ይወድቃል። በዓቢይ ጾም 55 ቀናት ቤተሰቡ ከሥጋና ከእንቁላል ሲታቀብ፣ የቤቱ እመቤት ራሷ የማትቀምሰውን እንቁላል ቀቅላ ነጩን ከሌላው ምግብ ጋር ለድመቷ ታቀርባለች፤ ድመት በተፈጥሮዋ ሥጋ በል ስለሆነች በሽሮ ልትኖር አትችልምና፤ የእንቁላል ነጭም ፎስፈረሱ ጥቂት በመሆኑ ለደከመ ኩላሊት ይስማማልና። እንዲህ ተይዛ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ልትኖር ትችላለች። አትድንም ግን።

ጥያቄው ከዚህ ላይ ይጠራል። ለታመመ በሬ የወጣ ገንዘብ በሬው ድኖ ሲያርስ ይመለሳል። ለሕፃን የሚደረግ እንክብካቤ ነገን ተስፋ ያደርጋል። ለዚህች ድመት የሚቀርብ ውሃ ግን ምርትም ፈውስም አያስገኝም። ጥቅምን ብቸኛ መለኪያ ላደረገ ሰው ይህ ሥራ ከኪሳራ በቀር ሌላ ስም የለውም።

የዚህ መለኪያ ጥንታዊ ምስክር ሮማዊው ካቶ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ234 እስከ 149 የኖረው ይህ ባለርስትና የመንግሥት ሰው ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ፣ ባለንብረት ያረጁ በሬዎችን፣ ያረጀ ጋሪን፣ ያረጀ መሣሪያን፣ ያረጀ ባሪያንና በሽተኛ ባሪያን አውጥቶ እንዲሸጥ ይመክራል። ዝርዝሩን ልብ ማለት ያሻል፤ በሬውና ጋሪው፣ መሣሪያውና ሰው ጎን ለጎን ተሰልፈዋል። አሪስቶትልም ቀደም ብሎ ባሪያን ነፍስ ያለው መሣሪያ አድርጎ ተመልክቶታል። ይህ የአንድ ሰው ጭካኔ ብቻ አይደለም፤ የባሪያ አሳዳሪው ሥርዓት የሂሳብ መዝገብ ነው። በዚህ መዝገብ ውስጥ ሕይወት የሚጻፈው በሚያስገባው ገቢ ልክ ነው፤ መዝገቡም ከእንስሳ ገጽ ወደ ሰው ገጽ ሲሻገር ቀለሙን እንኳ አይለውጥም።

ከካቶ ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ የጻፈው ግሪካዊው ፕሉታርክ፣ የካቶን የሕይወት ታሪክ ሲተርክ ይህን ምክር አጥብቆ ነቅፏል። በእርሱ አስተያየት ደግነት ከፍትሕ ይሰፋል፤ ፍትሕ በሰውና በሰው መካከል ሲወሰን፣ ደግነት ግን እስከ እንስሳት ድረስ ይፈሳል። ስለዚህ ደግ ሰው ፈረሱንና ውሻውን በጉልበታቸው ዘመን ብቻ ሳይሆን በእርጅናቸውም ይጦራል። አቴናውያን ፓርቴኖን የተባለውን ቤተ መቅደስ ሲሠሩ በብርቱ የደከሙትን በቅሎዎች ነፃ እንደለቀቁ፣ ከእነርሱም አንዷ በገዛ ፈቃዷ እየተመለሰች ጭነት ከሚጎትቱት ፊት ፊት አቀበቱን ትወጣ እንደ ነበር፣ ሕዝቡም እስክትሞት በመንግሥት ወጪ እንድትቀለብ እንደ ወሰነላት ይተርካል።

የካቶ መዝገብ ግን የሩቅ ዘመን ቅርስ ሆኖ አልቀረም። በአገራችን ከተሞች የጎዳና ዳር ጀርባው የቆሰለ፣ እግሩ የዛለ የጋሪ ፈረስ ተጥሎ ይታያል። ያረጀች አህያም ለጅብ ትተዋለች። በዚህ ላይ ሲፈረድ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የባለጋሪው የዕለት ጉርስ ከዚያ ፈረስ ጀርባ ላይ ስለ ነበረ፣ ፈረሱ ሲወድቅ እርሱም አብሮ ወድቋል። አጥቶ የጣለና እያለው ቆጥሮ የጣለ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም።

እንግዲህ የዕዳው ምንጭ ምንድን ነው? ዴካርት በ1637 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ድርሳኑ እንስሳን ከመኪና ጋር አስተካከለ፤ በዚህ አመለካከት ድመቷ ስታቃስት የሚሰማው ያልተቀባ መዘውር ድምፅ ነው። ካንት ከዚህ የተሻለ መንገድ ያዘ፤ በታማኝነት ያገለገለ ውሻ ሲያረጅ ጌታው እስኪሞት ሊያኖረው እንደሚገባ አስተማረ። ምክንያቱ ግን ውሻው ራሱ አይደለም፤ በእንስሳ ላይ መጨከን የለመደ ሰው በሰውም ላይ መጨከኑ ስለማይቀር ነው። በዚህ ትምህርት ድመቷ የደግነት መለማመጃ ሆና ትቀራለች። ቤንታም ደግሞ በ1789 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሥራው፣ ወሳኙ ነገር የማሰብና የመናገር ችሎታ ሳይሆን ሥቃይ የሚሰማው መሆን እንደ ሆነ አመለከተ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው፤ ነገር ግን ጥያቄውን አይጨርስም። ሥቃይማ በየመንገዱ አለ። ከአጥሩ ማዶ ያለችው የጎዳና ድመትም ትሠቃያለች። ቤተሰቡ ለዚህችኛይቱ የተለየ ዕዳ ያለበት ስለ ምንድን ነው?

መልሱ በግንኙነቱ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። በቆጵሮስ ደሴት በተደረገ የአርኪኦሎጂ ቁፋሮ ከዛሬ 9 500 ዓመት ገደማ በፊት በሰው አጠገብ የተቀበረ ድመት አፅም ተገኝቶ በ2004 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆኗል። ደሴቲቱ የራሷ የዱር ድመት ስላልነበራት፣ የድመትን ዘር ባሕር ያሻገረው ሰው ነው። ግብርና ሲጀመር እህል ተከማቸ፤ እህሉ አይጥን ጠራ፤ አይጡም ድመትን ጠራ። ውሎ አድሮ ሰው ድመትን ከዱር ወደ ቤት አስገባ፤ በር ዘጋባት፤ ምግቧንና ውሃዋን በገዛ እጁ አደረገ። የተጠማች የዱር ድመት ወደ ወንዝ ትወርዳለች፤ የቤት ድመት ግን ሳህኑ ባዶ ከሆነ የምትሄድበት የላትም። ዕዳው የመጣው ከዚህ ነው። ጥገኝነትን የፈጠረ ወገን፣ ጥገኝነቱ በከበደ ቀን አላውቅሽም ሊል አይችልም። ዕዳው የአይጥ ዋጋ አይደለም፤ የአይጡ ዋጋ በየዕለቱ ፍርፋሪ ተከፍሎ አልቋል። ዕዳው የተዘጋው በር ዋጋ ነው።

የሃይማኖት ትውፊቶችም ይህን አልሳቱትም። በእስልምና ሐዲስ ውስጥ፣ ድመት ዘግታ ሳታበላት፣ ከምድር ለቃቅማ እንድትበላም ሳትለቃት ስለ ገደለች ሴት የሚነገረው ተግሣጽ የታወቀ ነው። ጥፋቷ አለመመገቧ ብቻ ሳይሆን ዘግታ አለመመገቧ ነው። በመጽሐፈ ምሳሌም ጻድቅ ከኃጥእ ከሚለይባቸው ምልክቶች አንዱ ለእንስሳው ነፍስ ማሰቡ ነው።

ከዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። በአገራችን የሰው ኩላሊት ከሥራ ሲወጣ በሽተኛው እንደ ደንቡ በሳምንት ሦስት ጊዜ የኩላሊት እጥበት ያስፈልገዋል። ወጪው ከደመወዝተኛው አቅም በላይ በመሆኑ ቤተሰቦች በየአደባባዩ የወገን ያለህ ይላሉ። በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ታላቅ እርምጃ ቢሆንም ለሁሉም አልደረሰም። ሰው እንዲህ እየተቸገረ ስለ ድመት ኩላሊት መጨነቅ የጠገበ ሰው ቅንጦት አይደለምን?

ተቃውሞው እውነት አለው። በእጅ ያለው ብር ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነና ወይ ለሕፃኑ መድኃኒት ወይ ለድመቷ መዋል ካለበት፣ ለሕፃኑ ይውላል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። የድመቷን ሳህን የምታጥበው የቤት ሠራተኛ ስትታመም ሐኪም ካልታየላት፣ በዚያ ቤት ያለው ርኅራኄ አይደለም፤ ጌጥ ነው። ዳሩ ግን ብዙውን ጊዜ ምርጫው ይህ አይደለም። ድመቷ ከምትሻው አብዛኛው በገንዘብ የሚገዛ አይደለም፤ ጠዋት የሚለወጥ ውሃ፣ ከብርድ የሚከልል ጨርቅ፣ የበላችውንና የተወችውን የሚያስተውል ዓይን ነው። ይህን የነፈገ ቤት ያተረፈው ገንዘብ የለም፤ ለኩላሊት በሽተኞች የሚዋጣው ሣጥንም በዚህ ንፍገት አልሞላም። የተቸገረውን ሰው እንደ ምክንያት አቁሞ ድመቷን የሚጥል ሰው፣ ለሁለቱም ሳይሰጥ ሊቀር ይችላል።

ዕዳው ወሰንም አለው። ድመት ሕመሟን የምትደብቅ ፍጡር ናት፤ ዝም ማለቷ ደኅንነት አይደለም። መብላት ስትተው፣ ጠጉሯን መላስ ስታቆም፣ ፀሐይ ወደሚገባበት መስኮት መሄድ ሲያቅታት፣ በመርፌና በግድ በሚጎረስ ምግብ ዕድሜዋን ማራዘም ለማን እንደሚደረግ መጠየቅ ይገባል። ለእርሷ ነው ወይስ መለየቱን ለፈራው ሰው? በሐኪም እጅ ያለ ሥቃይ እንድታርፍ ማድረግን ብዙዎች ነፍስ ማጥፋት ነው ብለው ይሸሹታል። ፍርሃቱ ከሕይወት አክብሮት የመነጨ ስለሆነ ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን ነፍስ አላጠፋም ያለው ያው ሰው ድመቷን በጆንያ አድርጎ ከሰፈር ርቆ ሲጥላት፣ ብርድና ውሻ እንዲጨርሷት ተዋት እንጂ እጁን ንጹሕ አላደረገም። እስከ መጨረሻው ከአጠገቧ መቀመጥም ሆነ ሥቃይዋን ማሳጠር ከዕዳው መክፈያዎች ናቸው፤ ዓይን ከማያይበት መጣል ግን ከዕዳው መሸሽ ነው።

ኅብረተሰብ ለሚሠራ ክንድ ምስጋና አይነፍግም፤ ምስጋናው ለነገም ሥራ ይጠቅመዋልና። ውለታ ከጥቅም የሚለየው ሥራው ከቆመ በኋላ ነው። መምህሩ ስለ ውለታ በክፍል ውስጥ ከማስተማሩ በፊት፣ ሕፃኑ ቤቱ ያረጀችውን ድመት ምን እንዳደረጋት አይቶ አንድ ትምህርት ይዞ ይመጣል። ለኪነ ጥበብ ሰውም የተተወ ሥራ አለ፤ ተረቱ አደኑ ሲያልቅ ያቋረጠውን ታሪክ መቀጠል ነው። በዚያ ታሪክ ውስጥ ድል የለም፤ ፈውስም የለም። በየማለዳው የሚታጠብና ውሃ የሚሞላ አንድ ሳህን አለ፤ ድመቷ እስካለች ድረስ ነገ ጠዋትም መሞላት አለበት።