አዬዮ እና በጠጡ

በጅግጅጋ አንድ የሂሳብ ሠራተኛ ነበር። ከደጋ አገር ተመድቦ የመጣ ነው፤ ሚስቱና የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጁ አብረውት ይኖራሉ። ልጅቱ ከሰፈሩ ልጆች ጋር በሶማልኛ ስትጫወት ትውላለች። አባትየው ግን ከቢሮና ከቤቱ ሌላ ከተማውን ገና አልለመደውም።

አንድ ቅዳሜ ለበዓል የሚሆን በግ ሊያይ ልጁን አስከትሎ ወደ ከብት ገበያ ወጣ። ራሳቸው ጥቁር፣ ገላቸው ነጭ የሆነው የሶማሌ በጎች በአንድ ወገን፣ ግመሎቹ በሌላ ወገን ቆመዋል። ልጅቱ በጎቹንም ግመሎቹንም አልፋ ከአንዲት ነጭ የፍየል ግልገል ፊት ቆመችና አልሄድም አለች። ግልገሏ ሁለት ወር አይሞላትም፤ እናቷ ከጎኗ የለችም። አባት ዋጋ ጠየቀ፣ ተከራከረ፣ አስቀነሰ፣ ከፈለ። ከዋጋዋ በቀር ስለ እሷ አንድም ነገር አልጠየቀም።

ቤት ሲደርሱ ካርቶን ውስጥ ብርድ ልብስ ተነጠፈላት፤ አንገቷ ላይ ቀይ ሪባን ታሰረ። ልጅቱ ቁርሷን አካፈለቻት፤ ሻይ ውስጥ የተነከረ ዳቦ። ግልገሏ በላች። ብስኩት ሰጠቻት፤ በላች። አባት ደስ ብሎት ማታ ሲመለስ ለእሷ ብሎ ሁለት ዳቦ ጨምሮ ገዛ። እናትም የእንጀራ ትርፍራፊ አቀረበችላት። እንዲህ እያሉ ሦስት ቀን አለፈ። ሌሊት ሌሊት ስትጮህ ግን ምን እንደምትፈልግ ያወቀ አልነበረም። በር ዘጉባት።

በአራተኛው ሌሊት ጩኸቷ ቆመ። አባት ተነስቶ ቢያያት ጥርሷን እያፋጨች ተጋድማለች፤ ግራ ጎኗ እንደ ከበሮ ተነፍቷል። ልጅቱ እያለቀሰች በባዶ እግሯ ሮጣ የጎረቤቱን አጥር ደበደበች። እዚያ ሰባት ፍየል የሚያረቡ አንዲት አሮጊት አሉ፤ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ “አዬዮ” ይሏቸዋል፤ አያቴ ማለት ነው።

አዬዮ ሻሻቸውን እያስተካከሉ ገቡ። ግልገሏን ከመንካታቸው በፊት መብራት አምጡ አሉና መሬቱን ማየት ጀመሩ።

“በጠጧ የት አለ?”

“ጠርገን ጣልነው፣ አዬዮ” አለች እናት፤ ቤቱ እንዳይቆሽሽ መጠንቀቋን ልትነግራቸው ፈልጋ ነበር።

“ጠረጋችሁት? እሷ አፍ የላትም እኮ። የምትነግራችሁን ነው የጣላችሁት።”

ካርቶኑን ገፋ ሲያደርጉ ከሥሩ የቀረ አገኙ። እንደ ፍሬ የተለያየ በጠጥ አልነበረም፤ የላቆጠ ነው፤ ይጎመዝዛል ሽታው። አዬዮ አባትየውን ቀና ብለው አዩት።

“ምን በላች?”

“ዳቦ።”

“ስንት ቀን?”

“ከመጣች ጀምሮ።”

“የሸጠልህ ሰው ምን ስትበላ ነበር አለህ?”

ዝም አለ።

“ዋጋዋን ግን ጠይቀሃል፣ ልጄ።”

ከዚያ በኋላ አልተናገሩም። የፊት እግሮቿን ከፍ አድርገው ደፉ ላይ አቆሟት፤ ግራ ጎኗን በመዳፋቸው እያሹ ቆዩ። እናትን ለዳቦ የሚገባውን ሶዳ አስመጧትና ለብ ባለ ውሃ በጥብጠው በአፏ ጥግ በኩል ጥቂት ጥቂት አጠጧት። አባት ቶሎ ትጠጣው ብሎ አንገቷን ሽቅብ ሊያቃና ሲል እጁን ያዙት፤ ወደ ሳንባዋ ይገባል። ከዚያ ግቢው ውስጥ ያመላልሷት ጀመር፤ አዬዮ ሲደክማቸው አባት፣ እሱ ሲደክመው ልጅቱ። የጅግጅጋ ሌሊት ብርድ አለው፤ ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ ቆላ መስሏቸው የሚመጡ ሁሉ በዚህ ይሳሳታሉ። የሱብሂ አዛን ሲሰማ ግልገሏ አገሳች። ጎምዛዛ ሽታ ወጣ። ጎኗ ቀስ እያለ ጎደለ። በነጋታው ለእንስሳት ሐኪም አሳዩዋት፤ ሐኪሙም መጀመሪያ የጠየቀው የበላችውን ነበር።

አዬዮ ግልገሏን ወደ ካርቶኑ አልመለሷትም። ከሰባቱ ፍየሎቻቸው ጋር ቀላቀሏት፤ ወተት ካላት አንዷ ሥር እያስጠጉ አጠቧት። ሪባኑን ፈትተው ለልጅቱ ሰጧት። በዚያች ሌሊት ግልገሏ አልጮኸችም።

ልጅቱ ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ወደ አዬዮ በረት ትሄዳለች። አጎንብሳ መሬቱን ታያለች። ጥቁር፣ ክብ፣ ደረቅ፣ እርስ በርሱ ያልተጣበቀ ከሆነ፣ “አዬዮ፣ ዛሬ ደህና ናት” ትላለች። ፍየሎቹ ወደ መንገድ ከመውጣታቸው በፊትም በአጥሩ ላይ ነፋስ የለጠፈውን ፌስታል ለቅማ ትጨርሳለች። ይህን ማንም አላዘዛትም።

ምሳሌው እዚህ ያበቃል። አባትየው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከኪሱ አውጥቶ፣ ከልጁ ቁርስ ቀንሶ ነው ያበላት። ጥፋቱ ራሱ የሚወደውን ማብላቱ ነው። ፍየል የምታመሰኳ እንስሳ ናት። በሆዷ ውስጥ ሣርና ቅጠል የሚያብላሉላት ረቂቅ ተሕዋስያን ይኖራሉ፤ ዳቦ ወይም እህል በድንገት ሲበዛባት አሲድ ይሞላባታል፣ ትመረዛለች። የግልገል ሆድ ደግሞ ገና አልጸናም፤ መጀመሪያ እንገር፣ ከዚያ ወተት፣ ከዚያ ለስላሳ ቅጠል እየቀማመሰች ቀስ በቀስ ነው የሚጸናው። ፌስታል ከገባ አይፈጭም፤ አይወጣምም። ተከማችቶ ቦታውን ይይዛል፤ ፍየሏ ሆዷ ሞልቶ በረሃብ ትሞታለች። በጅግጅጋ፣ በቀብሪበያህ፣ በቶጎ ውጫሌ የከተማ ፍየሎች ገረባና ልጣጭ ሲለቅሙ የሚውሉባቸው መንገዶች ይህን አደጋ ሁሌም ይዘዋል። ለበሽታ ደግሞ ክትባት አለ፤ በግና ፍየልን የሚፈጀውን ፒፒአር የተባለውን በሽታ ዓለም እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ሊያጠፋ እየሠራ ነው፤ ክትባቱንም ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም ያመርታል። ነገር ግን የትኛውም መድኃኒት የጧቱን መሬት የሚያይ ዓይን አይተካም።

ይህን ስጽፍ በውጭ አገር የሚያድጉ የወገኖቻችን ልጆችም በሐሳቤ አሉ። ለአንዳንዶቹ ለልደታቸው ጊኒ ፒግ የምትባለውን ትንሽ እንስሳ ይሰጣቸዋል። ስሟ አሳማ ቢላትም አሳማ አይደለችም፤ የመጣችውም ከደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ነው። ጥርሷ ዕድሜዋን ሁሉ ስለሚያድግ ድርቆሽ ሳታቋርጥ ማኘክ አለባት። እንደ ሰው ሁሉ እሷም ቫይታሚን ሲን በሰውነቷ መሥራት ስለማትችል ትኩስ ቅጠላ ቅጠል በየቀኑ ትፈልጋለች። ብቻዋንም መኖር አይሆንላትም፤ ስዊዘርላንድ በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ አንዷን ለብቻ ማኖር ተከልክሏል። አዳኝ የበዛባት ፍጥረት ስለሆነች ሕመሟን ትደብቃለች፤ መብላት ካቆመች ወይም ኩሷ ካነሰ ግን ነገ ይሻላታል ተብሎ አይታደርም፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ነው። አዬዮ ይህችን እንስሳ በዓይናቸው አይተዋት አያውቁም። ቢያዩዋት ግን መጀመሪያ የሚያዩት መሬቱን ነበር።

ስለዚህ ለልጃችሁ ግልገልም ሆነ ሌላ ነፍስ ያለው ነገር ልትገዙ የወጣችሁ፣ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ሻጩን ይህን ጠይቁልኝ፤ ዛሬ ጧት ምን በላች? ከማንስ ጋር አደረች?