ስለ ቀለምና ስለ ምስክርነት

በባሕር ማዶ አገሮች የጦር አይሮፕላንን አሳንሶ በአምሳሉ የመሥራት ጥበብ አለ። በዚህ የሚደክሙት ሕፃናት ብቻ አይደሉም፤ ጠጕራቸው የሸበተ፥ በሙያቸው የተከበሩ ሰዎችም ናቸው። ሥራው ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከእውነተኛው በ72 እጅ አንሶ በሚሠራው አምሳያ ዘንድ የአንድ ሰው ቁመት ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል አይሞላም። እንደዚያም ሆኖ የቆርቆሮው ምስማር ራስ፥ የሞተሩ ጥላሸት፥ በጎኑ የተጻፈው ቍጥር ሳይቀር ይመረመራል። ከሁሉ ይልቅ የሚያከራክራቸው ግን ቀለሙ ነው፤ ይልቁንም አይሮፕላኑን ከጠላት ዓይን እንዲሰውር የሚቀባው ዝንጕርጕር ቀለም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን ይጠቅማል የሚል ሰው ይኖራል። የገዳይ መሣሪያን መልክ አሳምሮ ማበጀት ነውር ነው የሚልም አይጠፋም። ነገሩ በራያ ቆላ ለተወለደ ሰው እንደ ሩቅ ወሬ የሚታለፍ አይደለም፤ ከእነዚህ አምሳያዎች አንዱ በ1928 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሰማይ የበረረው ባለ ሦስት ሞተሩ ካፕሮኒ 133 ነውና።

ቆቦ ከወልድያ ወደ አላማጣና ወደ ኮረም በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሜዳዋ ሰፊ የማሽላ አገር ነው፤ በምሥራቅ የዞብል ተራራ ይታያል። ማሽላው ከታጨደ በኋላ ቆቅ በቀረው አገዳ መካከል ስትቀመጥ፥ መንገደኛው ሊረግጣት እስኪደርስ አያያትም፤ ላባዋ ከአፈሩና ከገለባው ጋራ አንድ መልክ ነውና። ቆቋን የሚያድናት ነብርም ነጠብጣቡን የተቀበለው ከዚያው ፈጣሪ ነው። ስለዚህ መሰወር በራሱ ጽድቅም ኃጢአትም አይባልም። ረዓብ የኢያሱን ሰላዮች በተልባ አገዳ ሸፍና አድናለች፥ በዚህም ተመስግናለች። መጠየቅ የሚገባው፥ የሚሰወረው ማንን ፈርቶ ነው ተብሎ ነው።

ይህ ጥያቄ ለካፕሮኒ ሲቀርብ የሚገኘው መልስ ያስደንቃል። ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. ካዘመተቻቸው ቦምብ ጣዮች ብዙዎቹ የዝሆን ጥርስ በሚመስል ነጣ ያለ ቀለም የተቀቡ ነበሩ እንጂ መሰወሪያ ቀለም አልነበራቸውም። እንዲያውም በክንፎቻቸው ላይኛ ገጽ ትላልቅ ቀይ መስመሮች ተሥለው ነበር። ምክንያቱም አይሮፕላኑ ተበላሽቶ በምድረ በዳ ቢወድቅ፥ ጓደኞቹ ከሩቅ አይተው እንዲደርሱለት ነው። በአየር ላይ የሚፈራው አልነበረምና ለመታየት እንጂ ለመሰወር አልተቀባም። የኢትዮጵያ አይሮፕላኖች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ፤ በአየር ላይ ለመዋጋት የተሰለፈ ከመካከላቸው አንድም አልነበረም። በ1932 ዓ.ም. ከእንግሊዞች ጋራ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ግን ያው ካፕሮኒ የአሸዋና የቅጠል መልክ ባለው ቀለም ተዥጐርጕሮ ይታያል። የሚያስፈራ በመጣ ጊዜ መሰወርን ተማረ።

እንግዲህ የ1928ቱን አይሮፕላን በ1932ቱ ቀለም የሚቀባ አምሳያ ሠሪ የሠራው የቀለም ስሕተት ብቻ አይደለም። አዳኙን እንደ ታዳኝ አሳይቷል፤ ከሥጋት ነጻ ሆኖ የወረደውን እሳት በእኩዮች መካከል የተደረገ ውጊያ አስመስሎታል። በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ትእዛዝ የሚሻረው በምላስ ብቻ አይደለም፤ ብሩሽም ይመሰክራል። በቅኔ ቤት ሰሙ ሲዛባ ወርቁም አብሮ ይዛባል፤ ተማሪው ምሥጢሩ ደርሶኛል ብሎ ቢከራከር መምህሩ አይቀበለውም።

በዚያ ዘመን መሰወር ግዴታ የሆነበት በምድር ያለው ሕዝብ ነበር። ነጭ ኩታ የለበሰ ሠራዊት ከላይ ለሚያይ ዓይን የተገለጠ ነውና፥ ቀን በጥሻና በዋሻ እየዋለ ሌሊት ይጓዝ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው በኮረም አካባቢ በዋሻ ይውሉ ነበር። በየካቲት 25 ቀን 1928 ዓ.ም. በኮረም ሜዳ የነበረው የእንግሊዝ የሕክምና ጓድ በቦምብ ተመታ። ያ ጓድ አልተሰወረም፤ ቀይ መስቀሉን ከሰማይ እንዲታይ ዘርግቶ ነበር። በአንድ ሜዳ ላይ ሁለት ቀይ ምልክቶች ተገናኙ ማለት ነው፤ በክንፉ ላይ ያለው አብራሪውን እንዲያድን፥ በመሬት ላይ ያለው ቍስለኛውን እንዲያድን የተሣሉ። የሠራው የፊተኛው ብቻ ነው።

ከመጋቢት 22ቱ የማይጨው ጦርነት በኋላ፥ መጋቢት 26 ቀን ወደ ኋላ ይመለስ በነበረው ሠራዊት ላይ በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ ቦምብና ይፔሪት የሚባለው መርዝ ወረደ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ ለመንግሥታት ማኅበር ሲናገሩ፥ አይሮፕላኖቹ መርጫ ተገጥሞላቸው በተርታ እየተከታተሉ መርዙን እንደ ዝናም ያዘንቡት እንደ ነበረ ገልጸዋል። ከመርዝ ቦምቦቹ አንዱ ዓይነት 280 ኪሎ ይመዝን፥ ከ200 ኪሎ የሚበልጥ ይፔሪት ይይዝ ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን የኢጣልያ የመከላከያ ሚኒስቴር መርዙ እንደ ተጣለ ያመነው 60 ዓመት ዘግይቶ፥ በ1988 ዓ.ም. ነው። የክንፉ ቀለም ስምና መልክ አንድ ሳይቀር ተጽፎ ሲጠበቅ፥ ከክንፉ በታች የተንጠለጠለው ይካድ ነበር።

የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ይህን ሰምቶ የልኬትን ነገር ይንቅ ይሆናል። በእርሱ ሥርዐት ጻድቁ ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይኖቹ ይሣላል፥ ከሓዲው ግን በጎን ፊትና በአንድ ዓይን። የዐድዋን ጦርነት የሣሉትም ኢጣልያኖቹን እንዲሁ በጎን አሳይተዋል። ምስማር አልቈጠሩም፥ ክንድ አልለኩም፤ ፍርዱን ግን አልሳቱም። አምሳያ ሠሪው በአንጻሩ ሁሉን ለክቶ ምንም ሳይፈርድ ይቀመጣል። ከሁለቱ እውነትን የያዘው ማነው? ነገሩን ለሚያውቅ ሕዝብ የሠዓሊው አንድ ዓይን ይበቃዋል። ለሚክድ ሰው ግን አይበቃም፤ ክሕደቱ የተሰበረው አንጄሎ ዴል ቦካን የመሰሉ የኢጣልያ የታሪክ ጸሐፊዎች የጦሩን መዝገብ ቀንና ቍጥር እያመሳከሩ በብዙ ዓመታት ድካም ነውና። ስለዚህ የተበደለ ሰው ልኬትን ሊንቅ አይገባውም፤ ጠበቃው ነው።

የገዳዩን መልክ መሥራት ነውር ነው ለሚለው ደግሞ አርዌ ብርት መልስ ይሆናል። ሙሴ በምድረ በዳ ሕዝቡን የነደፈውን የእባብ አምሳል ከናስ ሠርቶ ሰቀለ፤ የተነደፈውም ወደ እርሱ እያየ ዳነ። ያው ምስል ከብዙ ዘመን በኋላ ዕጣን ሲታጠንለት ንጉሥ ሕዝቅያስ ቀጠቀጠው። ናሱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አመለካከቱ ነው። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ለኀይሉና ለውበቱ የሚደነቅለት ካፕሮኒም፥ ቀለሙ አንድ ነቍጥ ሳይጐድል፥ ከሁለተኛው ወገን ይቈጠራል።

አንድ ነገር ይቀራል። አምሳያው በመደርደሪያ ላይ ሲቆም ተመልካች የሚያየው ላይኛውን ገጽ፥ ቀይ መስመሮቹን ነው፤ ይህም የአብራሪው ጓደኛ ያየው ነው። በኮረምና በአሸንጌ የነበሩት ያንን ቀይ አላዩትም። ያዩት ሆዱንና ከሆዱ የሚወርደውን ነው። ሥራውን የጨረሰ ሰው 30 ሳንቲሜትር የማይሞላውን ክንፍ በክር አስሮ ከጣራው ቢሰቅለው፥ ወደ ቤቱ የሚገባ ሁሉ ከታች ቆሞ፥ አንገቱን ቀና አድርጎ ያየዋል።