ከሰይፍ በፊት የነበረ ጀግንነት

ጀግና ምን ዓይነት ሰው ነው? ይህን ጥያቄ ለተውኔት ጸሐፊ ማቅረብ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል፤ የመድረክ ሰው ጀግናን ሲፈጥርና ሲገድል የሚኖር ነውና። ይሁን እንጂ በሥራዬ ዘመን እንደታዘብኩት፣ በመድረክ ላይ ጀግንነትን ማሳየት ከሁሉ የቀለለ፣ ጀግንነትን ማስረዳት ደግሞ ከሁሉ የከበደ ተግባር ነው። ተዋናዩ ደረቱን ነፍቶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ጎራዴውን መዝዞ ሁለት ስንኝ ከፎከረ ተመልካቹ ያጨበጭብለታል። ከዚያ ወዲያ በዚያ ሰው ልብ ውስጥ ምን እንዳለ የሚጠይቅ የለም።

ቋንቋችንም በዚህ ረገድ ያሳስተናል። ድፍረት የሚለው ቃል ለምስጋናም ለወቀሳም ያገለግላል። በኃይለኛ ፊት እውነትን የተናገረውን ደፋር እንለዋለን፤ ታላቁን ያዋረደውን፣ የሰው ክብር የጣሰውንም ደፋር እንለዋለን። ጀግና ስንል ደግሞ አሳባችን ፈጥኖ ወደ ጦር ሜዳ ይሮጣል። ለነገሩ ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው "ልበ ሙሉ" የሚለው አነጋገር ይመስለኛል፤ ነገሩን ከእጅና ከድምፅ አንሥቶ በልብ ውስጥ ያኖረዋልና። በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው የፈለግሁትም የእስልምና ሥነ ምግባር ስለዚሁ ልበ ሙሉነት የሚያስተምረውን ነው። ስለ እስልምና ጀግንነት ሲነሣ ብዙ ሰው፣ ወዳጅም ሆነ ነቃፊ፣ ወዲያው የሚታየው ሰይፍና ፈረስ ነው። እኔ ግን የትውፊቱ ጥልቅ ትምህርት የሚገኘው ሰይፍ ከመመዘዙ በፊት በነበሩት ዓመታት ታሪክ ውስጥ ነው እላለሁ።

አስቀድመን የሊቃውንቱን አስተያየት እንመልከት። በ1030 እ.ኤ.አ. ያረፈው ኢብን ሚስከወይህ እና ከ1058 እስከ 1111 እ.ኤ.አ. የኖረው አል-ገዛሊ የግሪክ ፈላስፎችን ትምህርት ከእስልምና አስተሳሰብ ጋር አዋሕደው ስለ ምግባር ጽፈዋል። እንደ እነሱ አባባል ነፍስ የማሰብ፣ የመቆጣትና የመመኘት ኃይሎች አሏት። ዓረቦች "ሸጃዓ" የሚሉት ጀግንነት የሚወለደው የቁጣ ኃይል ለአእምሮ ሲታዘዝ ነው። ቁጣ ልጓሙን በጥሶ ሲጋልብ "ተሀውር"፣ ማለትም ግብታዊነት ይሆናል፤ ከሚገባው በታች ሲበርድ ደግሞ "ጁብን"፣ ማለትም ፈሪነት ይሆናል። እንግዲህ በዚህ ሚዛን ግብታዊው ሰው ከመጠን ያለፈ ጀግና አይደለም። እንደ ፈሪው ሁሉ እሱም ከጀግንነት ውጭ የቆመ ነው።

ይህ የፈላስፎች ብቻ አሳብ አይደለም። ከነቢዩ ሙሐመድ በተላለፉት ንግግሮች ውስጥ ብርቱ የሚባለው በትግል ሌላውን የሚጥል ሳይሆን በቁጣው ሰዓት ራሱን የሚገዛ መሆኑ ተገልጿል። ተከታዮቻቸው ከጠላት ጋር መጋጠምን እንዳይመኙ፣ ይልቁንም ደኅንነትን እንዲለምኑ፣ ግጥሚያው ከመጣ ግን እንዲጸኑ መክረዋል። በጸሎታቸውም ከፈሪነትና ከንፉግነት እንዲጠበቁ ይለምኑ እንደነበር ተመዝግቧል። ፈሪነትና ንፉግነት ጎን ለጎን መጠራታቸው የሚያስገርም አይደለም፤ ንፉግ ገንዘቡን እንደሚሰስት ፈሪም ራሱን ይሰስታልና።

ሰይፍ በሚነሣበት ቦታ እንኳ ትውፊቱ የሚጠይቀው ስለ ልብ ነው። በ13ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው ገጣሚ ጀላሉዲን ሩሚ "መስነቪ" በተሰኘው ታላቅ ሥራው ውስጥ ስለ ዓሊ ኢብን አቢ ጣሊብ አንድ ታሪክ ይተርካል። ዓሊ ባላጋራውን ጥሎ ሊገድለው ሲል፣ የወደቀው ሰው ፊቱ ላይ ይተፋበታል። ዓሊ ያን ጊዜ ሰይፉን ይጥላል። ተሸናፊው በመደነቅ ምክንያቱን ሲጠይቅ፣ እስከዚያች ቅጽበት የተዋጋው ስለ ፈጣሪው መሆኑን፣ ከምራቁ በኋላ ቢገድለው ግን ስለ ራሱ ቁጣ የገደለው እንደሚሆን ይገልጽለታል። ይህን ትዕይንት ወደ መድረክ ለማምጣት ያሰበ ሰው ችግሩን ያውቀዋል፤ ትልቁ ድርጊት የተፈጸመው እጁ ሥራውን ባቆመበት ቅጽበት ነውና።

ከዚህ ተነሥተን ወደ መካ ዓመታት እንመለስ። ነቢዩ ማስተማር ከጀመሩበት ከ610 እ.ኤ.አ. ገደማ አንሥቶ ወደ መዲና እስከተሰደዱበት እስከ 622 እ.ኤ.አ. ድረስ ለሙስሊሞቹ ውጊያ አልተፈቀደላቸውም ነበር። ጎሣ ያለው ጎሣው ይከላከልለታል። ባሪያውና መጻተኛው ግን ለጌቶቹ ቁጣ የተጋለጠ ነበር። ትውልዱ ከሐበሻ የሆነው ቢላል ኢብን ረባህ ከእነዚህ አንዱ ነው። ጌታው ኡመያ ኢብን ኸለፍ በቀትር በሚፋጀው አሸዋ ላይ አጋድሞ፣ በደረቱ ላይ ታላቅ ድንጋይ አስጭኖ እምነቱን እንዲክድ ሲያስገድደው፣ ቢላል የሚመልሰው አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ "አሐድ"። የእኛ ጆሮ ይህን ቃል ለመስማት አስተርጓሚ አያሻውም፤ የግዕዙ "አሐዱ" ወንድም ነውና። ኋላ አቡ በክር ገዝቶ ነጻ አወጣው፤ በመዲናም ሕዝቡን ለጸሎት በመጥራት የመጀመሪያው እሱ ሆነ።

የቢላል ታሪክ የታወቀ ነው። ነገር ግን ከጎኑ ሌላ ታሪክ አለ፤ እንደኔ እምነት የመጀመሪያው ያለ ሁለተኛው አይተረጐምም። የዐማር ኢብን ያሲር ቤተሰብ እንዲሁ ይሠቃይ ነበር። እናቱ ሱመያ አልክድም ብላ ተገደለች፤ በእስልምና ታሪክ የመጀመሪያዋ ሰማዕት ተብላ የምትጠራው እሷ ናት። አባቱም በሥቃዩ ሞተ። ዐማር ግን ሥቃዩ ሲበዛበት አሠቃዮቹ የፈለጉትን የክህደት ቃል ተናገረ። "ፈሪ ለእናቱ" ይላል ያገራችን ሰው፤ የሸሸ ሰው ሌላው ቢቀር ለእናቱ ይተርፍላታል ለማለት ነው። ዐማር የሚተርፍላት እናት አልነበረችውም። እያለቀሰ ወደ ነቢዩ ሄደ። እሳቸውም የጠየቁት ልቡን እንዴት እንዳገኘው ነበር። ልቡ በእምነቱ እንደረጋ ሲነግራቸው፣ ዳግመኛ ቢያስገድዱት እሱም ዳግመኛ እንዲናገር ፈቀዱለት። ልቡ ሳይክድ አንደበቱ የተገደደ ሰው ከወቀሳ ነጻ መሆኑን ቁርኣንም ደነገገ።

ከዚህ በመነሣት የሕግ ሊቃውንቱ ሁለት መንገዶችን ለዩ፦ "ዐዚማ" የተባለውን የጽናት መንገድና "ሩኽሳ" የተባለውን የማቅለያ ፈቃድ። በክህደት ቃል ረገድ እስከ ሞት የጸና ክብሩ የበለጠ ነው፤ ተገዶ በአንደበቱ ያፈገፈገ ግን ኃጢአተኛ አይባልም። የዚህ ድንጋጌ ጥበብ ምንድን ነው? ጀግንነት እንደ ግብር ከሰው ላይ የሚሰበሰብ ነገር አለመሆኑን ማወጁ ነው። ቢላል መናገር ይችል ነበር፤ ቢናገርም እንደ ዐማር ይቅር ይባል ነበር። አለመናገሩን ታላቅ ያደረገው ከራሱ ፈቅዶ የሰጠው መሆኑ ነው። በመሆኑም ማንም ሰው ጥላ ሥር ተቀምጦ በአሸዋው ላይ የተጋደመውን "ለምን አልጸናህም?" ብሎ ሊወቅስ አይገባውም።

ሆኖም ሊቃውንቱ ለዚህ ምሕረት ድንበር አበጅተውለታል። የተገደደ ሰው ስለ ራሱ እምነት በአንደበቱ ሊያፈገፍግ ይችላል፤ ራሱን ለማዳን ሲል ንጹሕ ሰው መግደል ግን አይፈቀድለትም። ማቅለያው የራስን አንገት ለማትረፍ እንጂ የሌላውን አንገት ለመስጠት አይሆንም።

ይህን የምጽፈው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ ስብሰባ ላይ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ባልሠራው ጥፋት ሲከሰስ ተቀምጬ ሰማሁ። እውነቱን አውቅ ነበር። ሁለት ጊዜ እጄን ላወጣ አሰብኩ፤ ሁለት ጊዜም ብዕሬን አንሥቼ ወረቀቴ ላይ መስመር አሰመርኩ። ስብሰባው አበቃ። ማታ ቤቴ ገብቼ "ልጆች አሉኝ" እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ኋላ የዐማርን ታሪክ ሳነብ መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ይቅርታ ያገኘሁ መሰለኝ። ደጋግሜ ሳነበው ግን ልዩነቱ ታየኝ። በእኔ ደረት ላይ ማንም ድንጋይ አልጫነም ነበር። ዝምታዬም የሌላውን ሰው ስም እንጂ የእኔን አላስከፈለም። ዐማር እያለቀሰ ሄደ፤ እኔ ራቴን በልቼ ተኛሁ። ለሚሠቃይ ሰው የተሰጠውን ፈቃድ ወንበራችንንና እንጀራችንን ለመጠበቅ ስንዋሰው፣ ምሕረቱን ወደ ምክንያትነት እንለውጠዋለን።

ታዲያ በእንዲህ ያለው ስፍራ፣ ሰይፍም ድንጋይም በሌለበት አዳራሽ ውስጥ፣ ልበ ሙሉነት ምን ይመስላል? ለዚህ መልሱ ከአገራችን ምድር ይገኛል። በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ከመካ የሸሹ ሙስሊሞች ባሕር ተሻግረው በአክሱም ንጉሥ ግዛት ተጠጉ። በራሳቸው በነቢዩ ምክር የተደረገ ሽሽት ነበርና ፈሪነት አልተባለም። ከስደተኞቹ አንዷ የነበረችው ኡም ሰለማ እንደተረከችው፣ ቁረይሾች ስደተኞቹን ለማስመለስ ሁለት መልእክተኞችን እጅ መንሻ አስይዘው ላኩ። ከሁለቱ አንዱ ብልሁ ዐምር ኢብን አል-ዓስ ነበር። የነቢዩ የአጎት ልጅ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ በስደተኞቹ ስም ቆሞ ተናገረ፤ ስለ መርየም የሚናገረውን የቁርኣን ምዕራፍ መጀመሪያ ሲያነብም ንጉሡና ጳጳሳቱ አለቀሱ። ዐምር ግን ተስፋ አልቆረጠም። በማግሥቱ፣ እነዚህ ሰዎች ስለ ኢየሱስ የሚሉትን ጠይቃቸው ብሎ ንጉሡን አሳሰበ።

ለተውኔት ጸሐፊ ታላቁ ትዕይንት ይህ ነው። ስደተኞቹ ተሰብስበው ተጨነቁ። መጠጊያቸው በአንድ ክርስቲያን ንጉሥ በጎ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ በእምነታቸው ኢየሱስ የአምላክ ልጅ ሳይሆን አገልጋዩና ነቢዩ፣ ከድንግል የተወለደ ቃሉ ነው። ጥቂት ቃል ማለዘብ ሁሉንም ያድናቸው ነበር። እነሱ ግን የመጣው ይምጣ ብለው የተማሩትን ለመናገር ወሰኑ፤ ጃዕፈርም ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ፣ ሳይሳደብም ተናገረ። ይህ ሰው በ629 እ.ኤ.አ. በሙእታ ጦርነት ሰንደቅ እንደያዘ ሁለት እጆቹን አጥቶ ወድቋል፤ ብዙዎች በጀግንነት የሚያስታውሱትም በዚያ ነው። ለእኔ ግን የአክሱሙ ቃሉ ከሙእታው ሞቱ አያንስም።

በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሌላም ልበ ሙሉ ነበር። በእስልምና ትውፊት አስሐማ ተብሎ የሚጠራው ንጉሥ የጳጳሳቱን ማጉረምረም እየሰማ ስደተኞቹን አሳልፎ አልሰጥም አለ፤ እጅ መንሻውንም መለሰ። ጃዕፈር የመጠጊያውን ደጅ ሊያዘጋበት የሚችለውን እውነት ተናገረ፤ ንጉሡ ደግሞ የገዛ ወገኑን ቅር የሚያሰኘውን ፍርድ ፈረደ። የእምነታቸው ልዩነት በቦታው ነበር፤ ከሁለቱም ወገን የልዩነቱን እውነት የሸሸ የለም።

የመካውና የአክሱሙ ታሪክ እንግዲህ አንድ ነገር ያስተምራሉ፤ ጀግንነትን ከሌላው ከመጠየቃችን በፊት ከራሳችን እንድንጠይቅ። ለደከመው ምሕረት፣ ለራሳችን ምርመራ ይገባል። ያ ባልደረባዬ ዛሬ በሕይወት አለ። ይህ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ቤቱ ሄጄ፣ በዚያ ቀን መናገር የሚገባኝን ዘግይቼም ቢሆን ነግሬዋለሁ። የመለሰልኝ በእሱና በእኔ መካከል ይቆይ። ቢላልን ያህል ነኝ ለማለት ሳይሆን፣ ሁለት ጊዜ ያላነሣኋትን እጅ በመጨረሻ ማንሣት ስለነበረብኝ ነው።